ቤተሰብን ይዞ ለረጅም የብስክሌት ጉዞ መዘጋጀት፦ ከታናሹ ልጅ ብስክሌት እስከ መጨረሻው ብሎን

ለረጅም የብስክሌት ጉዞ የሚዘጋጁ ወላጆች አብዛኛውን ጊዜ ሥራቸውን የሚጀምሩት ከራሳቸው ብስክሌት ነው። አዲስ ጎማ ይገዛሉ፣ ማርሹን ያስተካክላሉ፣ ቦርሳ ያማርጣሉ፤ የልጁ ብስክሌት ግን «ትንሽ ስለሆነ ብዙ ጣጣ የለውም» ተብሎ ለመጨረሻው ምሽት ይቀራል። እኔ የምመክረው ይህን ቅደም ተከተል መገልበጥ ነው። የቤተሰቡ የቀን መንገድ የሚለካው በጠንካራው እግር ሳይሆን በታናሹ አቅም ስለሆነ፣ ዝግጅቱም ከታናሹ ተነሥቶ ወደ ወላጆቹ ቢሄድ ብዙ ስሕተት ይቀንሳል። ዕቃ አፈላልጎ ለማግኘት፣ ለመግጠም፣ ሞክሮም ለመለወጥ ጊዜ ስለሚያስፈልግ፣ ሥራውን ከመነሻው ቀን ቢያንስ ስድስት ሳምንት አስቀድሞ መጀመር ይገባል።

ማን በምን ይጓዛል?

የጭነቱም፣ የማርሹም፣ የዕለቱም ርቀት የሚወሰነው በዚህ ጥያቄ መልስ ነው። ገና ብስክሌት መንዳት የማይችል ሕፃን ከወላጁ ኋላ በሚታሰር ወንበር ወይም በተጎታች፣ ማለትም ብስክሌቱ ከኋላው በሚስበው ትንሽ ጋሪ፣ ይሄዳል፤ ራሱን ችሎ የማይቀመጥና አንገቱ ያልጸና ሕፃን ግን በሁለቱም አይጫንም። ከኋላ የሚታሰሩት ወንበሮች አብዛኞቹ የሚፈቅዱት እስከ 22 ኪሎ ግራም የሚመዝን ልጅ ነው። ልጁ ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥባቸውም ብስክሌቱ በቆመ ቁጥር ወደ ጎን ማዘንበል ይቀናዋል፣ ለዕቃ የሚሆነውም ቦታ ይጣበባል። ስለዚህ ለአንድ ቀን ሽርሽር ወንበሩ በቂ ቢሆንም፣ ለረጅም ጉዞ እኔ ተጎታቹን እመርጣለሁ። ልጁ ይተኛበታል፣ ከዝናብና ከፀሐይ ይከለልበታል፣ ብስክሌቱ ቢወድቅ እንኳ ተጎታቹ ብዙ ጊዜ ሳይወድቅ ይቀራል።

ሁለት ልጆች የሚይዙት ተጎታቾች አብዛኞቹ ልጆቹንና ዕቃውን ጨምሮ እስከ 45 ኪሎ ገደማ ይፈቅዳሉ፤ አምራቹ የጻፈው ቁጥር ከዚህ ካነሰ ግን መከበር ያለበት እሱ ነው። የተጎታች ትልቁ ድክመት በፍጥነት ሲታጠፉ አንዱ ጎማው ጉብታ ከነካ መገልበጡ ነው፤ ስለዚህ ልጁ በአጭር መንገድ ላይም ቢሆን ቀበቶው ይታሰርለታል፣ ሄልሜትም ያደርጋል። ከዋናው ማያያዣ በተጨማሪ የሚመጣው የመጠባበቂያ ማሰሪያ በብስክሌቱ አካል ላይ መጠምጠም አለበት፤ ዋናው ማያያዣ ቢላቀቅ ተጎታቹን የሚያስቀረው እሱ ብቻ ነውና። ተጎታቹ ዝቅ ያለ ስለሆነ ለአሽከርካሪዎች እንዲታይ ረጅም ዘንግ ላይ ደማቅ ባንዲራ ይተከልበታል።

አስቸጋሪው ዕድሜ ከ4 እስከ 7 ዓመት ያለው ነው። ልጁ መንዳት ይችላል፤ ቀኑን ሙሉ ግን አይችልም። ለዚህ የሚስማማው የልጁን ብስክሌት የፊት ጎማ ከመሬት አንሥቶ ከወላጁ ብስክሌት ጋር የሚያያይዝ ዘንግ ነው፤ ልጁ ሲበረታ ተፈትቶ ለብቻው ይነዳል፣ ሲደክም ደግሞ ተያይዞ ይጎተታል። ዘንጉን በመንገድ ዳር ለመጀመሪያ ጊዜ መግጠም ግን አያዋጣም። እቤት ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ ማያያዝና መፍታት፣ ከዚያም ጸጥ ባለ ቦታ ላይ መለማመድ ያስፈልጋል፤ ከኋላ የሚወዛወዝ ልጅ የወላጁን መሪ ምን ያህል እንደሚያናውጥ የሚታወቀው ሲሞከር ብቻ ነው።

ከ8 ዓመት በላይ ያለና መንዳት የለመደ ልጅ የራሱን ብስክሌት ይዞ ይሄዳል። ከእንዲህ ያለ ልጅ ጋር ለመጀመሪያው ጉዞ በቀን ከ25 እስከ 45 ኪሎ ሜትር ማቀድ በቂ ነው፤ ወላጆቹ ብቻቸውን የሚሄዱትን ርቀት ለሁለት ከፍሎ ማቀድ የተለመደ ስሕተት ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ለሦስት መክፈል ለእውነቱ ይቀርባል።

የልጁ ብስክሌት

ልብስ «ያድግበታል» ተብሎ ሰፋ ተደርጎ ሊገዛ ይችላል፤ ብስክሌት ግን እንዲህ አይገዛም። ልጁ ከኮርቻው ወርዶ ሲቆም ሁለቱም እግሮቹ መሬት ላይ ተረጋግተው፣ በብስክሌቱ አግዳሚ ብረትና በሰውነቱ መካከል ጥቂት ጣት የሚያስገባ ክፍተት መኖር አለበት። የኮርቻውን ከፍታ ለማስተካከል ተረከዙን በፔዳሉ ላይ አድርጎ ፔዳሉን እስከ ታች እንዲያወርድ ይደረጋል። እግሩ ልክ ቀጥ ካለ፣ በእግሩ ጣቶች በኩል ሲረግጥ ጉልበቱ በሚገባው መጠን ይታጠፋል ማለት ነው። ገና በራስ መተማመኑ ያልጠነከረ ልጅ ግን ሲቆም መሬቱን በጣቶቹ እንዲነካ ኮርቻውን ትንሽ ዝቅ ማድረግ ይሻላል፤ ጥቂት ጉልበት ቢባክንም ፍርሃቱ ይቀንስለታል።

ቀጥሎ የሚታየው የፍሬን መያዣ ነው። ትንሽ እጅ የማይደርስበት ፍሬን እንደሌለ ይቆጠራል። በአብዛኞቹ የፍሬን መያዣዎች ላይ፣ ከመሪው ጋር በሚገናኙበት አካባቢ፣ መያዣውን ወደ መሪው የምታቀርብ ትንሽ ብሎን አለች። ልጁ መዳፉን ከመሪው ሳያነሣ ሁለት ጣቱን አሳርፎ እስኪስብ ድረስ ይህችን ብሎን ማጥበቅ፣ ከዚያም የፍሬኑን ገመድ እንደገና ማስተካከል ያስፈልጋል። ገመዱ ከቆየና ከዛገ ልጁ በሙሉ ኃይሉ ቢስብም ስለማይበቃ፣ ገመዱን ከነሽፋኑ መለወጥ ትንሽ ወጪ የሚጠይቅና ብዙ የሚጠቅም ሥራ ነው።

ስለ ክብደትም አንድ ስሌት ልጥቀስ። 25 ኪሎ የሚመዝን ልጅ 13 ኪሎ የሚመዝን ብስክሌት ሲነዳ፣ 70 ኪሎ የሚመዝን አዋቂ ከ36 ኪሎ በላይ የሆነ ብስክሌት እንደሚነዳ ማለት ነው። የልጆች ብስክሌቶች ላይ ለመልክ የሚገጠመው ባለ ሞላ የፊት ሹካ ከባድ ከመሆኑም በላይ፣ ቀላል ክብደት ያለው ልጅ ሲነዳው ብዙም አይሠራም፤ ሰፊና ለስላሳ ጎማ ከእሱ የተሻለ የመንገዱን ንዝረት ይውጣል። ያለ ሞላ የሆነ ቀላል ብስክሌት ማግኘት ከተቻለ፣ ያረጀም ቢሆን፣ እሱን እመርጣለሁ።

ጎማና ቸርኬ

በጉዞ ላይ ከሚያጋጥመው ችግር አብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ስለሆነ፣ በዚህ ላይ የሚጠፋ ጊዜ አይቆጭም።

በመጀመሪያ በእያንዳንዱ ጎማ ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥር ወረቀት ላይ መገልበጥ ያስፈልጋል። ለምሳሌ «47-406» ተብሎ ከተጻፈ፣ የመጀመሪያው የጎማው ስፋት፣ ሁለተኛው ደግሞ ጎማው የሚቀመጥበት የቸርኬ ዲያሜትር ሲሆን ሁለቱም በሚሊ ሜትር ናቸው። ሊታመን የሚገባው ይህ ሁለተኛው ቁጥር እንጂ በኢንች የሚነገረው ስም አይደለም። ሁለቱም «20 ኢንች» የሚባሉ፣ ነገር ግን አንዱ 406 ሌላው 451 ሚሊ ሜትር የሆኑ ጎማዎች አሉ፤ አንዱ በሌላው ቸርኬ ላይ በምንም ዓይነት አይገባም። ይህን የማውቀው መጠባበቂያ ብዬ የያዝኩትን ጎማ በዝናብ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ያህል ስታገለው ቆይቼ ስለተማርኩት ነው። ከተቻለ ተጎታቹም የልጁም ብስክሌት አንድ ዓይነት ልክ እንዲሆኑ ማድረግ የሚያዘውን መጠባበቂያ ይቀንሳል።

የውስጥ ጎማው፣ ማለትም ከመነዳሪው፣ የመንፊያ ቫልቭም አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ እንደ መኪና ጎማ ወፍራም፣ ሌላው ቀጭንና ጫፉ በትንሽ ዳዶ የሚከፈት። ቀጭኑ 6.5 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ወፍራሙ ደግሞ 8.5 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ የቸርኬ ቀዳዳ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ወፍራሙ በጠባብ ቀዳዳ አይገባም። የያዙት ፓምፕ በቤተሰቡ ብስክሌቶች ላይ ያሉትን ቫልቮች ሁሉ እንደሚነፋ አንድ በአንድ እያጋጠሙ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ለተጫነ የአዋቂ ብስክሌት ከ40 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጎማ ይመቻል። የዚህ ዓይነት ጎማ ጭነት ሲኖረው በአየር ግፊት መለኪያ ከ3 እስከ 4 ባር፣ በሌላው መለኪያ ከ45 እስከ 60 ፒኤስአይ ገደማ ይነፋል፤ ዕቃና ሰው በብዛት የሚያርፍበት የኋላው ጎማ ከፊቱ ጠንከር ይላል። የልጁ ሰፊ ጎማ ግን ከ2 እስከ 2.5 ባር ይበቃዋል። እንደ ወላጆቹ ጎማ ድንጋይ እስኪመስል ከተነፋ ልጁን በየጠጠሩ ያነጥረዋል። በጎማው ላይ የተጻፈው ከፍተኛና ዝቅተኛ ልክ በማንኛውም ሁኔታ መታለፍ የለበትም።

ቀጥሎ ቸርኬው ይመረመራል። ብስክሌቱን ገልብጦ ጎማውን ማሽከርከርና ቸርኬውን ጨብጠው በሚያቆሙት የፍሬኑ መያዣ ጎማዎች መካከል ወደ ጎን መዋዠቅ አለመዋዠቁን ማየት ነው። ከዚያ ቸርኬውን ከመሐሉ ጋር የሚያያይዙትን ቀጫጭን ሽቦዎች ሁለት ሁለት አድርጎ በጣት መጨበጥ ይቀጥላል፤ አንዱ ከጎረቤቶቹ ይልቅ ከላላ ወይም ሲነካ ድምፁ ከሌሎቹ የተለየ ከሆነ፣ መስተካከል አለበት። ብዙ ጊዜ የሚሰበሩት የኋላው ጎማ ሽቦዎች፣ በተለይም በማርሹ በኩል ያሉት ናቸው፤ እዚያ ያሉት በጣም የተወጠሩ ሲሆኑ ጭነቱም የሚያርፈው በዚያው ጎማ ላይ ነው። ከባድ ጭነት ወይም ተጎታች ለሚስብ ብስክሌት ባለ 36 ሽቦ የኋላ ጎማ ትክክለኛ ምርጫ ሲሆን፣ በጥሩ እጅ የተወጠረ ባለ 32 ደግሞ ለቀለል ያለ ጭነት ይሆናል። ሽቦ ማወጣጠር የለመደ እጅ የሚጠይቅ ሥራ ስለሆነ፣ ከዝግጅቱ ሁሉ ለባለሙያ መክፈል ያለብን ለዚህ ይመስለኛል።

ሰንሰለት፣ ማርሽና ፍሬን

ሰንሰለት እያረጀ ሲሄድ ይረዝማል፤ የረዘመ ሰንሰለት ደግሞ የማርሹን ጥርሶች ይበላል። ለመለካት ልዩ መሣሪያ ከሌለ ማስመሪያ ይበቃል። በአዲስ ሰንሰለት ላይ ከአንድ ፒን፣ ማለትም የሰንሰለቱን ክፍሎች ከሚያያይዘው ትንሽ ብረት፣ መሐል ተነሥቶ 24 ፒን ቆጥሮ እስከሚደርሱበት ፒን መሐል ያለው ርቀት 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ርቀት ወደ 307 ሚሊ ሜትር ከተጠጋ ሰንሰለቱ ይለወጣል፤ የኋላው ማርሽ 11 ወይም 12 ደረጃ ካለው ግን 306 ሚሊ ሜትር ሲያልፍ መለወጥ ይሻላል። አዲሱ ሰንሰለት በአሮጌው ማርሽ ላይ የሚንሸራተት መሆኑ የሚታወቀው ዳገት ላይ ስለሆነ፣ ይህ ሥራ ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት ያልቅና በዳገት ይሞከር።

ስለ ማርሽ ያለኝ አስተያየት አንድ ነው፤ ከሚያስፈልገው በላይ ቀላል የሆነ ማርሽ ጎድቶ አያውቅም። ፊት 22 ጥርስ፣ ኋላ 34 ጥርስ ያለው ብስክሌት ባለ 26 ኢንች ጎማ ሲሆን፣ ፔዳሉ አንድ ዙር ሲዞር 1.3 ሜትር ያህል ይራመዳል። በደቂቃ 60 ጊዜ ቢረገጥ በሰዓት ከ5 ኪሎ ሜትር በታች ነው፤ ይህ የእግረኛ ፍጥነት ሲሆን፣ ተጎታች እየሳቡ ረጅም ዳገት ለመውጣት የሚያስችለው ግን እሱ ነው። ፊት 42፣ ኋላ 28 ቢሆን ግን አንዱ ዙር ከ3 ሜትር በላይ ስለሚጓዝ፣ ዳገቱን በእግር እየገፉ መጨረስ ሊመጣ ይችላል።

ፍሬኑን በተመለከተ፣ ቸርኬን በሚጨብጠው ዓይነት መያዣ ጎማዎቹ ላይ ያሉት ቦዮች ካለቁ መያዣ ጎማዎቹ ይለወጣሉ። የቸርኬው ጎን በጣት ሲዳሰስ ወደ ውስጥ ከጎደጎደ ቸርኬው ራሱ አልቋል። በጎማው መሐል ያለውን የብረት ሰሃን የሚጨብጠው የዲስክ ፍሬን ከሆነ የመያዣው ሸራ ከ1 ሚሊ ሜትር ሲያንስ ይለወጣል፣ አንድ ጥንድ መጠባበቂያም ይያዛል። በዘይት የሚሠሩ ፍሬኖች አንዳንዶቹ የማዕድን ዘይት፣ ሌሎቹ ደግሞ ዶት የሚባለውን የፍሬን ፈሳሽ ስለሚጠቀሙ፣ አንዱን በሌላው ቦታ መጨመር ላስቲኮቹን ያበላሻል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ሳይለቁ መያዝ ሙቀት ያጠራቅማል፤ ጠንከር አድርጎ ይዞ መልቀቅ፣ ልጆቹም በየመሐሉ ቆመው እጃቸውን እንዲያሳርፉ ማድረግ ይገባል።

ጭነቱን ማከፋፈል

ዕቃው ሁሉ መሬት ላይ ከተዘረጋ በኋላ በሚዛን ይመዘን። በግምት «ቀላል ነው» የተባለው ዕቃ ሲደመር ምን ያህል እንደሚያስደነግጥ የመዘነ ያውቀዋል። የኋላ የዕቃ መጫኛ ብረቶች ብዙዎቹ እስከ 25 ኪሎ ይችላሉ፤ ልኩ ብዙ ጊዜ በብረቱ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ከባዱ ዕቃ፣ ማለትም ምግብ፣ መሣሪያና የማብሰያ ዕቃ፣ በጎን ቦርሳዎቹ ውስጥ ከታች ሆኖ ወደ ጎማው መሐል ይጠጋል፤ ቀላሉና ትልልቁ፣ እንደ መኝታ ከረጢትና ፍራሽ ያለው፣ ከላይ ይቀመጣል። ሁሉም ዕቃ ከኋላ ሲጫን ዳገት ላይ የፊት ጎማው ይንሳፈፋል፣ መሪውም አይታዘዝም። ስለዚህ ከጭነቱ ሲሶው ወይም ከዚያ በላይ ወደ ፊት ቦርሳዎች ቢሄድ ብስክሌቱ ይረጋጋል። ቦርሳው ከተጫነ በኋላ ፔዳሉን ወደ ኋላ እያዞሩ ተረከዝ ቦርሳውን አለመምታቱን ማየት ያስፈልጋል።

የዕቃ መጫኛውን የሚይዙት ብሎኖች ትንሽ ናቸው፤ አንዱ ቢወድቅ ሙሉው ጭነት በጎማው ላይ ይረፈረፋል። እያንዳንዱን ብሎን ፈትቶ ለብሎን የሚሆን የማጣበቂያ ፈሳሽ ጠብታ አድርጎ መልሶ ማጥበቅ፣ ተመሳሳይ ልክ ያላቸውን ሦስት አራት ብሎኖችም መያዝ ጥሩ ነው።

ጭነቱ ለሁለቱ ወላጆች ሲከፋፈል መሣሪያው ሁሉ በአንዱ፣ ምግቡ ሁሉ በሌላው ቦርሳ መሆን የለበትም። አንዱ ወላጅ ከታናሹ ጋር ወደ ኋላ መቅረቱ አይቀርም፤ የተቀደደው ጎማ ከእሱ ጋር፣ ፓምፑ ደግሞ ሁለት ኪሎ ሜትር ከፊት ከሆነ ምን እንደሚፈጠር መገመት አያዳግትም። ሁለቱም ፓምፕ፣ ከመነዳሪ፣ ውኃና የሚበላ ነገር ይኑራቸው። ልጁም የራሱን ትንሽ ቦርሳ ይያዝ፤ ዝናብ መከላከያው፣ ውኃውና አንድ የሚወደው ነገር ሆኖ ከ2 ወይም ከ3 ኪሎ ባይበልጥ ይመረጣል። ይህ የወላጅን ጭነት አያቃልልም፤ ልጁ ግን «ተጫኝ» ሳይሆን «ተጓዥ» መሆኑን ይረዳበታል።

የመጠገኛ ዕቃ

ለእያንዳንዱ የጎማ ልክ ሁለት ከመነዳሪ፣ መለጠፊያ፣ ያልተከፈተ ማስቲሽ፣ የአሸዋ ወረቀትና ጎማ ማውለቂያ ያስፈልጋል። አንዴ የተከፈተ ማስቲሽ በጥቂት ወራት ውስጥ ስለሚደርቅ አዲስ መያዝ ነው። ቀዳዳ ሲለጠፍ ማስቲሹ ከተቀባ በኋላ እስኪደርቅ አምስት ደቂቃ ያህል ይጠበቃል፤ እርጥብ ላይ የተለጠፈ አይይዝም። ከመነዳሪውን ከመመለስ በፊት የጎማውን ውስጥ ሁሉ በጣት ቀስ ብሎ መዳሰስ፣ የበሳውን እሾህ ወይም ብርጭቆ ማውጣት ግዴታ ነው። የጎማው ጎን ከተቀደደ ደግሞ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ ከውስጥ ይደረግበታል።

ከዚህ ሌላ ባለ ስድስት ጎን ቁልፎች፣ በተለይ 4፣ 5 እና 6 ሚሊ ሜትር፣ ትንሽ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ የሰንሰለት መፍቻና ማገናኛ፣ የፍሬንና የማርሽ ገመድ፣ በልኩ የተቆረጡ ጥቂት የቸርኬ ሽቦዎች፣ የፕላስቲክ ማሰሪያዎች፣ ወፍራም ፕላስተርና የሰንሰለት ዘይት ይያዛሉ። የኋላው የማርሽ መለወጫ የሚንጠለጠልበት ትንሽ ብረት ብስክሌቱ ሲወድቅ በቀላሉ ይጣመማል፤ ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያይና በመንገድ ላይ ማግኘቱ ከባድ ስለሆነ፣ ለየብስክሌቱ አንድ አንድ መያዝ ብልህነት ነው። ፔዳል መፍታት ቢያስፈልግ የግራው በተቃራኒ አቅጣጫ እንደሚፈታ መርሳት አይገባም።

ሄልሜት፣ መብራትና ልብስ

ሄልሜቱ ከቅንድብ ሁለት ጣት ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፣ ማሰሪያው ከጆሮ በታች ይገናኛል፣ ከአገጭ በታች ደግሞ አንድ ወይም ሁለት ጣት ብቻ ያስገባል። አንድ ጊዜ በኃይል የተመታ ሄልሜት ቢመስልም ባይመስልም ተሰብሯልና ይጣላል። ፊትና ኋላ መብራት በቀንም ይብራ። ልብስን በተመለከተ ዝናብ መከላከያና ጓንት ለሁሉም ይያዝ፤ ልጆች ተቀምጠው ሲጎተቱ እንደሚነዳው ሰው ስለማይሞቃቸው አንድ ተጨማሪ ሹራብ ያስፈልጋቸዋል።

ሙከራው

ከመነሻው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሙሉውን ጭነት ጭኖ አንድ ሌሊት የሚታደርበት አጭር ጉዞ ይደረጋል። ዓላማው ርቀት መሸፈን አይደለም፤ ድንኳኑ በማታ እንዴት እንደሚተከል፣ ታናሹ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚሰለች፣ የትኛው ቦርሳ እንደሚንኳኳ ለማወቅ ነው። ሲመለሱ ያልተነካው ዕቃ ለብቻው ይከመር፤ ከመጠገኛና ከመድኃኒት በቀር ከዚያ ክምር የሚመለስ ነገር ሊኖር አይገባም። አዲስ የተገጠሙ ብሎኖችና ሽቦዎች ከመጀመሪያዎቹ 50 እስከ 100 ኪሎ ሜትሮች በኋላ ስለሚላሉ፣ ከሙከራው ማግስት ሁሉም እንደገና ይፈተሻሉ።

በጉዞው በየጠዋቱ ደግሞ ከመነሣት በፊት አምስት ደቂቃ የሚወስድ ፍተሻ ይኖራል፦ ጎማዎቹ በአውራ ጣት ይጫናሉ፣ ሁለቱም ፍሬኖች ተይዘው ብስክሌቱ ወደ ፊት ይገፋል፣ የጎማዎቹ ማሰሪያና የተጎታቹ ማያያዣ ይነካሉ፣ ቦርሳዎቹ ይነቀነቃሉ። የልጁን ብስክሌት ልጁ ራሱ ወላጁ እያየው ቢፈትሽ ይመረጣል። የመጀመሪያው ቀን ርቀት ከታቀደው አማካይ ግማሽ ይሁን፤ መንገድ ላይ አንድ ወላጅ ከፊት፣ ሌላው ከኋላ፣ ልጆቹ ደግሞ ከመካከል ይሁኑ፣ ከፊት ያለውም ፍጥነቱን በየጊዜው ዞር ብሎ በሚያየው ታናሽ ልጅ ልክ ያድርግ።